አሳላፊው አጽብሃና የግሩፕ ሁለት አይጦች

በካዛንቺስ ድግስ የሚደግስ ሰው ድንኳን ከመከራየቱ በፊት የሚያጣራው አንድ ነገር አለ፤ አጽብሃ ይመጣል ወይስ አይመጣም? አጽብሃ የእድሩ አሳላፊ ነው። ሠርግም ይሁን ተዝካር፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ትሪውን ከያዘ በዚያ ድንኳን ውስጥ ሳይበላ የሚወጣ ፍጡር የለም። ምሰሶ ጀርባ የተቀመጡትን እናት ያያቸዋል። ደጅ ቆሞ ስልክ የሚያወራውን ሹፌር ያየዋል። አንድ ጊዜማ ቪዲዮ አንሺው ሳይበላ ኬክ አይቆረስም ብሎ ሙሽሮቹን ቢላዋ እንዳነሡ አቁሟቸዋል፤ ሙሽራዋ እስከ ዛሬ ታነሣበታለች። እሱ ራሱ ግን በድግስ ላይ ሲበላ አይቼዋለሁ የሚል ሰው አልተገኘም። ሁሉ እስኪበላ ሲጠብቅ ምግቡ ያልቅና ባዶ ሆዱን ቤቱ ይገባል። ሰፈሩ በልማት ተነሥቶ እድርተኛው በየአቅጣጫው ሲበተን እሱና ባለቤቱ ፍረወይኒ ቡልጋሪያ አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይተው ገቡ። ድንኳን በተተከለበት ሁሉ ግን አሁንም በታክሲ እየሄደ ያሳልፋል።

እንጀራው ሌላ ነው። አጽብሃ አይጥ ጠባቂ ነው።

ይህን ሰምቶ የማይስቅ የለም። «ከድመት ነው የምትጠብቃቸው?» የሚለው ቀልድ አርጅቶ ጥርሱ ወልቋል፤ አጽብሃ ግን ለእንግዳ ሰው ሲል አሁንም ይስቅለታል። ቂርቆስ ውስጥ፣ ወደ ለገሃር በሚያወርደው መንገድ ላይ አንድ የመድኃኒት ምርምር ተቋም አለ፤ በጓሮው በኩል ያለችው ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ቤት የእሱ ግዛት ናት። እዚያ ነጫጭ፣ ዓይናቸው ቀላ ያለ የላብራቶሪ አይጦች በየሳጥናቸው ይኖራሉ። ሰጋቱራቸውን ይቀይራል፣ መኖ ይሰጣል፣ የውኃ ጡጧቸውን ያጥባል፣ ጠዋት ሲገባ «እንዴት አደራችሁ» ይላቸዋል። ሬዲዮም ይከፍትላቸዋል። የስፖርት ዜና ሲመጣ ይረበሻሉ የሚል የራሱ ግኝት አለው፤ እስካሁን ማንም አላጸደቀለትም።

ያን ሰሞን ቤቱን የያዘችው ሊዲያ የምትባል የፋርማኮሎጂ የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። ስትሄድም ስትናገርም የምትሮጥ ልጅ ናት። ጥያቄዋ ይህ ነው። የቲቢ መድኃኒት ሳንባን ያድናል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ግን እግረ መንገዱን ጉበትን ይጎዳል። ታዲያ የአንድ የታወቀ ቅጠል ጭማቂ አብሮ ቢሰጥ ጉበቱን ከዚህ ጉዳት ይጠብቀዋል ወይ? የቅጠሉን ስም እዚህ አልጠራም። ብጠራው ነገ ጠዋት ግማሹ አዲስ አበባ ከአጥሩ ቀጥፎ ያፈላዋል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ጉበቱን ይዞ ሐኪም ቤት ይሰለፋል። ሕዝቤን አውቀዋለሁ።

አይጦቹ በአራት ተከፍለዋል። ግሩፕ አንድ ንጹሕ ውኃ ብቻ የሚሰጠው ነው። ግሩፕ ሁለት የቲቢውን መድኃኒት በብዛት ይወስዳል፤ ቅጠል ግን የለውም። ሦስትና አራት መድኃኒቱንም ቅጠሉንም ይወስዳሉ፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ በርከት አድርጎ። በየጠዋቱ አጽብሃ አይጡን ይይዛል፣ ሊዲያ በቀጭን ቱቦ በአፉ ታጠጣዋለች። ስትጨርስ ጭማቂው የነበረበትን ቢከር የሚባለውን የመስታወት ዕቃ ትሰጠውና «ጋሽ አጽብሃ፣ ይቺን ደፍተው ይጠቡልኝ፤ በቃ፣ ለዛሬ ጨርሰናል» ብላ ወደ ላይ ትሮጣለች።

ቢከሩ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ይተርፋል።

በዚያው ሰሞን ፍረወይኒ የቲቢ መድኃኒት ጀምራ ነበር። ለገሃር አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ናት፤ ሳሉ አልለቅ ሲላት ተመርምራ ተገኘባት። መድኃኒቱ ተስማምቷት፣ ሳሉም እየቀነሰ ሳለ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አጽብሃ ፀሐይ ላይ ልብ ብሎ አያት። የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆኗል። ሐኪሟ መድኃኒቱ ጉበቷን እንደጎዳው ነገራትና ሁሉንም ለጊዜው አስቆማት። ጉበቱ ሲያገግም አንድ በአንድ እንመልሳቸዋለን፣ ሳንባውን እንዲሁ መተው አይቻልም አላት። «ጉበቴ አኩርፏል» ትላለች ፍረወይኒ ለጠየቃት ሁሉ። ሰው ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች። አጽብሃ ግን ፈርቶ ነበር። እሷ ከሌለች ቤቱ ውስጥ ለማን እንደሚያሳልፍ ማሰብ አቅቶት ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ሊዲያ ግሩፕ ሁለትን ስታጠጣ እንደወትሮው አይጦቹን የያዘው እሱ ነው። የሚጠጡት ያንኑ የፍረወይኒን መድኃኒት ነው። ቀጥሎ ሦስትና አራት ቅጠላቸውን ወሰዱ። ግሩፕ ሁለት በሳጥናቸው ፍርግርግ አፍንጫቸውን አውጥተው ያያሉ። አይጥ የሌላውን ድርሻ ያያል አያይም እሱን እንጃ፤ ለአጽብሃ ግን አዩ። ሊዲያ ቢከሩን ሰጠችውና ሄደች።

እንግዲህ እናንተው ፍረዱ። ዕድሜ ልኩን አንድ ሰው አልፎ የማያውቅ ሰው፣ ትርፉን በእጁ ይዞ፣ ያልደረሳቸው ፊት ለፊቱ ተደርድረው። በእሱ አስተዳደግ የተረፈ ምግብ መድፋት ነውር ነው፤ መድኃኒት መድፋት ደግሞ ኃጢአት ነው። ምን ይጎዳል ብሎ ቢከሩን በውኃ አለቀለቀና ለግሩፕ ሁለት ጡጦዎች አከፋፈለው። እኩል በእኩል፣ ማንንም ሳያስቀይም። በማግሥቱም እንዲሁ አደረገ። ከዚያማ የዕለት ሥራው ሆነ፤ ልቡም ቀለል አለው።

ጥናቱ አለቀ። ሊዲያ የአይጦቹን ደምና ጉበት አስመረመረች። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አጽብሃ ጡጦ ሲደረድር ሊዲያና የሊዲያ አማካሪ ዶክተር ታዲዎስ ወደ አይጥ ቤት ገቡ።

«ግሩፕ ሁለት ምንም አልሆነም» አለ ዶክተር ታዲዎስ ወረቀቱን እያየ። «ጉበታቸው ከግሩፕ ሦስት ብዙም አይለይም።»

አጽብሃ ጀርባውን እንደሰጣቸው ፈገግ አለ። ተመስገን ሊል ምንም አልቀረውም።

«ዶክተር፣ ዶዙን ደጋግሜ ነው ቼክ ያደረግኩት» አለች ሊዲያ። ድምጿ ልክ አልነበረም። «መድኃኒቱም ኤክስፓየር አላደረገም። ማለቴ፣ ሰው ሁሉ የሚሠራበት ሞዴል ነው።»

«ይሆናል። ግን ጉዳት ከሌለ ጥበቃ አለ ማለት አንችልም። በዚህ ዳታ ቅጠሉ ይሠራል ብዬ ልፈርምልሽ አልችልም። ጊዜሽ ሳያልቅ ሌላ ርዕስ ብታስቢ ይሻላል። ቅጠሉን እንተወው።»

ዶክተሩ ወጣ። ሊዲያ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። አጽብሃ ግራ ገባው፤ ፎጣውን ሰጣት።

«ልጄ፣ አይጦቹ ደኅና ሆኑ እኮ ነው ያለው። ምኑ ያስለቅሳል?»

«እሱ ነዋ ችግሩ ጋሼ። ግሩፕ ሁለቶች መታመም ነበረባቸው።»

«ለምን ሲባል?»

ሊዲያ ፊቷን ጠረገች። «ምስክሮች ናቸዋ። መድኃኒቱ ብቻውን ምን እንደሚያደርግ የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው። እነሱ ታመው ሦስትና አራት ቢተርፉ፣ በቃ፣ ያተረፋቸው ቅጠሉ ነው እላለሁ። አሁን ግን የሁሉም ጉበት ደኅና ነው። ታዲያ ቅጠሉ ማንን አዳነ ልበል?»

አጽብሃ በእጁ የያዘውን ጡጦ አየው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ያ የተረፈው ጭማቂ በጎ ሥራ ነበር። አሁን ምን እንደሆነ ገባው። ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ አፉ ግን «አይዞሽ» ብቻ ብሎ ተዘጋ። ጡረታው ደጅ ላይ ቆሟል፣ ሚስቱ ታማለች፣ ከዚህ ቤት ቢባረር ሌላ የሚችለው ሥራ የለውም። ቢናገር እሱ ይወድቃል። ዝም ቢል ቅጠሉ ይጣላል፤ ለፍረወይኒ ዓይነት ሰው ተስፋ ይሆናል ብሎ ያመነበት ቅጠል።

ማታ ቤት ሲገባ ፍረወይኒ ወዲያው ነቃችበት። ፊቱን አይታ አይደለም። የአከራያቸውን ውሻ ሳያበላ ገብቶ ነበር፤ ይህ ደግሞ ሆኖ አያውቅም።

«ማን ሞተ?» አለችው።

ነገራት። መጀመሪያ ሳል እስኪያቋርጣት ሳቀች። «ለአይጥም አሳለፍክ?» አለችና እንደገና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«እኔን መስለውህ ነው?»

«ያንቺኑ መድኃኒት ነው እኮ የሚወስዱት» አለ አጽብሃ መሬት መሬቱን እያየ። «እኔ ነኝ የምይዛቸው። በእጄ ይዤ እነሱን ብቻ ማለፍ አቃተኝ።»

ፍረወይኒ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ነካ ነካ አደረገች። አጽብሃ ይቅር የተባለ መስሎት ቀና ሲል ትግርኛው መጣ። ፍረወይኒ የምር ስትቆጣ ወደ ትግርኛ ነው የምትሻገረው፤ ያን ጊዜ መመለሻ የለም። የተናገረችው ባጭሩ ይህ ነው። ቅጠሉ እውነት የሚሠራ ከሆነ የገደልከው አንተ ነህ። ነገ እንደ እኔ ዓይኑ ቢጫ የሚሆን ሰው ሁሉ ሊደርሰው የሚችል ነገር ነበር። አንተ ለጥቂት ሳጥን አዝነህ ድንኳኑን ሙሉ አለፍከው።

ይቺ የመጨረሻዋ ገባችው። በድንኳን እያመሳሰሉ ካልነገሩት አይገባውም፤ ሚስቱ ታውቀዋለች።

«ቢያባርሩኝስ?» አለ።

«ያባርሩህ። ሂድና ንገራት።»

በማግሥቱ ጠዋት ኮፍያውን በእጁ ይዞ ዶክተር ታዲዎስ ቢሮ ወጣ። ሊዲያም እዚያው ነበረች፤ አዲስ ርዕስ ልትነጋገር። አጽብሃ ቁጭ በሉ ቢባልም እንደቆመ ሁሉንም ተናገረ፤ ስለ ፍረወይኒ ዓይን ግን አላነሣም፤ ሰበብ እንዳይመስልበት። ዶክተር ታዲዎስ መጀመሪያ አላመነም፣ ቀጥሎ ቀላ፣ ቀጥሎ ተነሥቶ ስለ ምርምር፣ ስለ ኃላፊነትና ስለ ከንቱ ድካም ረጅም ንግግር አደረገ። ንግግሩ ልክ ነበር። አጽብሃም ልክ ነው እያለ አንገቱን ደፍቶ ሰማው።

ሊዲያ ግድግዳውን ታይ ነበር። ዶክተሩ ትንፋሽ ሲወስድ ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ ያስቀሩት ቀን አለ?»

«ከጀመርኩ ወዲህ የለም።»

«ለአንዱ ብዙ ለአንዱ ትንሽ አድርገው ነበር?»

«ኧረ በፍጹም» አለ አጽብሃ፣ በዚያች ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀይሞ። «እኩል ነው ያካፈልኩት።»

«እኩል» አለች ሊዲያ። ከዚያ ሳቅ ያዛት። ዓይኗ እንባ እያቀረረ ሳቀች። «ዶክተር፣ ጠጥተው ነው እኮ ያልታመሙት። በቃ፣ ግሩፕ አምስት ሠርተውልናል።»

«እንዳታስቢው» አለ ዶክተር ታዲዎስ። «ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። በማን ጡጦ ስንት እንደገባ ማን ያውቃል?» ይበል እንጂ እሱም ቁጭ ብሎ እርሳሱን አንሥቶ ነበር። ጥቂት ሞነጫጨረና «እንደገና ከመጀመሪያው» አለ። «ቅጠሉ ይቆያል። እርስዎ ግን ከአይጥ ቤት ይወጣሉ።»

«እሳቸው ከወጡ አይጦቹን ማን ይይዝልኛል?» አለች ሊዲያ። «ደግሞ ግሩፕ ሁለት ለምን እንደሚያስፈልጉ ለጋሼ ማናችንም ነግረናቸው አናውቅም። ደፍተው ይጠቡ ነው ያልኳቸው፤ ለምን እንደሆነ አልተናገርኩም።» ዶክተሩ ብዙ አጉረመረመ፤ በመጨረሻ በብርቱ ማስጠንቀቂያ አለፈው።

ሁለተኛው ዙር በአዲስ አይጦች ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊዲያ ከጎኑ ቆማ፣ የተረፈውን ወደ ቆሻሻ ጀሪካን ሲደፋ በዓይኗ እያየች ነበር። ከዚያ እንደ ድሮዋ ቢከሩን ሰጥታው መሮጥ ጀመረች። አጽብሃ ብቻውን ከቢከሩ ጋር ቀረ። መታመኑ ከመጠርጠሩ ይልቅ ከበደው።

ግሩፕ ሁለት በዚህኛው ዙር ታመሙ። ፀጉራቸው ቆመ፣ መኖ ተዉ፣ ጥግ ይዘው ተኮራመቱ። አጽብሃ ሰጋቱራቸውን ቶሎ ቶሎ ቀየረላቸው። ሬዲዮውን ከእነሱ አጠገብ አደረገው፣ የስፖርት ዜና ሲመጣ ዘጋላቸው። ከቅጠሉ በቀር የሚችለውን ሁሉ አደረገ። አንዳንድ ጠዋት እያያቸው «ምስክሮች ናችሁ፣ ምን ላድርግ» ይላቸው ነበር።

በእነዚያው ሳምንታት የፍረወይኒ መድኃኒቶችም አንድ በአንድ ይመለሱ ነበር። ሁለቱ ሰላም ነበሩ። የመጨረሻው መድኃኒት ግን ሐኪሟም የፈራው ነበር። ጀመረችው፤ ለሐሙስ የጉበት ምርመራ ተቀጠረላት። ረቡዕ ጠዋት አጽብሃ አይጥ እንደያዘ ሊዲያን ጠየቃት።

«ይሄ ነገር ለሰው ቢሆንስ?»

የሊዲያ እጅ ቆመ፤ የሚስቱን ሕመም ከሰው ሰምታ ነበር። «ለእትዬ ፍረወይኒ ነው፣ አይደል?» አለችው። ከዚያ ቀስ ብላ ቀጠለች፤ ቀስ ብላ ስትናገር ሲሰማት የመጀመሪያው ነበር። «ጋሼ፣ አላውቅም። የምሬን ነው። ሊጠብቃት ይችላል። ጭራሽ ሊጎዳትም ይችላል። የሳንባ መድኃኒቷን ሊያደክምባትም ይችላል። እናቴ ብትሆን አልሰጣትም።»

ያን ቀን ከሌላው ቀን በርከት ያለ ተርፎ ነበር። ሊዲያ ስትወጣ አጽብሃ ቢከሩን ይዞ ጥቂት ቆመ። ከዚያ የታሸገ ውኃ የነበረበትን ባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ አነሣ፣ ገለበጠበት፣ ክዳኑን አጠበቀና የጋውኑ ኪስ ውስጥ ከተተው። ቀኑን ሙሉ ኪሱ ከበደው። ከሥራ ሲወጣ ወደ ጃኬቱ አዛወረውና የቡልጋሪያ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመ። ሰልፉ ይሄዳል፣ እሱም ይሄዳል። ተራው ደርሶ ረዳቱ «ፋዘር፣ ግቡ እንጂ» ሲለው ዞር ብሎ ለኋለኛው ሰው ቦታውን ለቀቀና ወደ ተቋሙ ተመለሰ። ዘበኛውን በእጁ ሰላም ብሎ አለፈ። አይጥ ቤት ገባ፣ ጠርሙሱን ከፈተና ጀሪካኑ ውስጥ ደፋው። ቶሎ አልፈሰሰለትም፤ የጠርሙሱ አንገት ጠባብ ነው።

ፍረወይኒ በሩን ስትከፍትለት ዓይኑን አየች።

«ዛሬም ተርፎ ነበር?»

«ተርፎ ነበር።»

«ለእኔም አላመጣህልኝ?»

«ላንቺም አላመጣሁም» አለና እንባው መጣ። በሕይወቱ አውቆ ያለፈው ሰው ቢኖር ይቺ ናት፤ ከሰው ሁሉ የምትበልጥበት። ፍረወይኒ እጁን ይዛ አስገባችው። እስከ ሐሙስ ድረስ ስለ ጉበት ላለማውራት ተስማሙ፤ ስለ ሌላ ነገር ግን ማውራት አልቻሉም።

ሐሙስ የፍረወይኒ ውጤት ደኅና ሆነ። ሕክምናዋን እስከ መጨረሻው ወሰደች፣ ሳንባዋም ዳነ። የሊዲያ ውጤትም ወጣ፤ ግሩፕ ሁለት ጉበታቸው በጣም ተጎድቷል፣ የሦስት የተሻለ ነው፣ የአራት ደግሞ ከግሩፕ አንድ ብዙም አይርቅም። ጥናቷን ለፈታኞች ባቀረበችበት በዲፌንሷ ቀን የመጀመሪያውን ዙርም ሳትደብቅ ተናገረች፤ ስም ሳትጠራ፣ «ለግሩፕ ሁለት ያዘነ ሰው ነበረን» ብላ። አዳራሹ ሳቀ። ፍረወይኒ ከኋላ ወንበር ላይ ባሏን በክርን ጎሸመችው። ከፈታኞቹ አንዱ ለሰው መቼ ይደርሳል ብሎ ሲጠይቅ ሊዲያ «ገና ነው፣ ብዙ ይቀረዋል» አለች። አጽብሃ ራሱን ነቀነቀ፤ ይህን እሱም ያውቃል።

ሲያበቃ በኮሪደሩ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ። ማን እንዳሳለፈ መናገር አያስፈልግም። ፈታኞቹ በሉ፣ ተማሪዎቹ በሉ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ በሉ፣ ዘበኛው ከበር ድረስ ተወሰደለት። ዶክተር ታዲዎስ ሁለቴ ደረሰው። በመጨረሻ ትሪው ላይ አንድ ቁራሽ ቀረች፤ ያልደረሰው ሰው ግን አልነበረም። አጽብሃ ቁራሿን በናፕኪን ጠቅልሎ ደረጃውን ወረደ። ፍረወይኒ ነገሩ ስላላማራት ተከተለችው።

አይጥ ቤቱ ውስጥ ለሌላ ተማሪ ጥናት አዲስ የመጡ አይጦች ነበሩ። አጽብሃ በሩን ገፋ አደረገ። አይጦቹ አፍንጫቸውን በፍርግርጉ አውጥተው አዩት። ዳቦውን አየ፣ አይጦቹን አየ። በሩን መልሶ ዘጋውና ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ፍረወይኒ እያየችው፣ ዳቦውን ራሱ በላው።